ባሻ ዝም ያለ ዕለት

ጥቅምት 9

ለታናሼ፣

ባሻ ደህና ነው። ደብዳቤዬን ስትከፍት ዓይንህ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን እንደሆነ ስለማውቅ አስቀደምኩት፤ አልተቀየምኩም። እኔም ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ከክረምቱ ይሻላል። መልሴን ስላዘገየሁ ይቅርታ አድርግልኝ። በስፌት ቤቱ የጥበቃ ዩኒፎርም ትዕዛዝ ገብቶብን ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ስንገጥም ነው የምንውለው፤ ቤት ስገባ እጄ ብዕር አልይዝ ይለኛል።

የጠየቅከኝን በየተራው ልመልስ። አዎ፣ ይበላል። ሩዝና የተቀቀለ እንቁላል እሰጠዋለሁ። ባስቀመጥኩለት ቦታ ግን አይበላም፤ ሳህኑን በአፍንጫው እየገፋ በሩ ሥር ያደርስና ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነው የሚበላው። አዎ፣ ትራስ ላይ ነው የሚተኛው። የራሱን ትራስ ከዩኒፎርም ቁርጥራጭ ጥሩ አድርጌ ሰፍቼለት ነበር። አሸተተው፣ አንዴ ዞረው፣ ከዚያ ሄዶ የኔ ላይ ተጋደመ። አሁን በእሱ ትራስ የምተኛው እኔ ነኝ።

አይ፣ ገመዱን አልለመደም። አስፋልቱ ዳር ስንደርስ ቁጭ ይላል። ብጎትተው አንገቱን ያደነድናል፤ ባባብለው ወደ ሌላ ያያል። ከጫማ ሳጥን የማይበልጥ ፍጡር እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላስብም ነበር። ትናንት አንድ ሽማግሌ ቆመው አዩንና፣ "ልጄ፣ ካልፈለገ ተይው እንጂ፤ ትልቅ ሰው አይጎተትም" አሉኝ። ከት ብዬ ሳቅኩ። እሱ ግን የሚገባውን ክብር ያገኘ መስሎት ነው መሰለኝ ደረቱን ነፋ።

ነፍሷን ይማርና ባለቤትህ እንዴት አድርጋ እንደያዘችው የሚደንቀኝ አሁን ነው። ከቀብሯ በኋላ ቤቱን ዘግተህ ወደ ማዕድኑ ካምፕ ስትሄድ፣ ቅርጫቱን ከነባሻ በሬ ላይ አስቀምጠህ፣ "ጸባዩ ትንሽ ያስቸግራል እንጂ ሌላ የለውም፤ እስክመለስ ነው እትዬ" ብለኸኝ ነበር። ያ ትንሹ የትኛው እንደሆነ እስካሁን አላገኘሁትም።

ስለ ጩኸቱ ለጠየቅከኝ፤ ትንሽ ይጮኻል። ውሻ አይደል።

ስለራስህ ግን ምንም አልጻፍክም። እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ?

እትዬህ


ጥቅምት 28

እትዬ፣

ጤናሽን እንዴት ነሽ? የፖስታው መኪና ጎማ ፈንድቶበት ደብዳቤሽ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። እዚህ ስልክ የሚባል ነገር ተራራው ጫፍ ካልተወጣ አይሠራም፤ ስለዚህ የኔንም መዘግየት በመንገዱ አሳቢልኝ።

"ትንሽ ይጮኻል" ስትዪ ደነገጥኩ። አንቺ እኮ የስፌት መኪናው መርፌ ጣትሽን በስቶት፣ እጅሽ እንደ ዳቦ አብጦ፣ "ትንሽ ነካኝ" ያልሽ ሴት ነሽ። ያንቺ ትንሽ በሌላ ሰው ሚዛን ስንት እንደሚሆን አውቃለሁ። እውነቱን ጻፊልኝ። አከራይሽ ምን አሉ?

ስለራስህ አልጻፍክም ብለሻል፤ ካምፑን ልንገርሽ። ቆርቆሮ ቤት፣ አልጋ፣ አቧራ ነው። ሎደር እነዳለሁ፤ ድንጋይ አነሳለሁ፣ ድንጋይ እደፋለሁ። እንስሳ ማስገባት ክልክል መሆኑ በሩ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ የተፈቀደላቸው የጥበቃ ውሾቹ ብቻ ናቸው። የሚያሠለጥኗቸውን ሰውዬ ጋሽ ፉጨት እንላቸዋለን። ከሰው ጋር ብዙ አያወሩም፤ ከውሾቻቸው ጋር ግን በፉጨት ወሬ ይጨርሳሉ። የባሻን ፎቶ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አድርገው አዩት። "ይሄ ውሻ ነው ወይስ የውሻ ደረሰኝ?" አሉኝ። የነበርነው ሁሉ ሳቅን። እኔም ከመጣሁ ወዲህ የመጀመሪያዬ መሰለኝ።

እንደዚያ ይናቁት እንጂ በማግስቱ ራሳቸው ፈልገውኝ መጡ። "እህትህ ከቤት ስትወጣ ምን ታደርጋለች? አንድም ሳታስቀር ትጻፍ" ብለዋል። ስለዚህ አንድም አታስቀሪ።

ስለ እንቅልፌ ሌላ ጊዜ።

ታናሽሽ


ኅዳር 14

ወንድሜ፣

እውነቱን ጻፊ ብለሃል። እሺ።

ባሻ እኔ ከቤት ስወጣ ይጮኻል። ቤት ካለሁ ድምፁ አይሰማም፤ አንዳንዴ መኖሩንም እረሳዋለሁ። በሩን ዘግቼ ደረጃውን ስጀምር ግን ያ ድምፅ ከዚያች ትንሽ ደረት እንዴት እንደሚወጣ አላውቅም። ቁመት ቢነፈገው በጉሮሮ ተክሷል። የመንገዱ ጥግ ድረስ ይከተለኛል። ከዚያም በኋላ አያቆምም አሉ።

ነገሩን የነገረችኝ ነርሷ ናት። ከኔ በታች ያለውን ክፍል የተከራየች፣ ሆስፒታል አድራ ቀን የምትተኛ ነርስ አለች። ጥሩ ሰው ናት፤ መጀመሪያ ጆሮዋን በጥጥ ደፍና ቻለችው። ባለፈው ሰኞ ግን ለምሳ ስመለስ ዓይኗ ደም መስሎ በሬ ላይ ቆማ አገኘኋት። "እህቴ፣ መርፌ የምወጋ ሰው ነኝ። እንቅልፍ ካጣሁ አንድ ቀን ያልታዘዘበት ቦታ እወጋለሁ" አለችኝ። እማማ አከራያችንም ከኋላዋ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ደረጃውን ወጡ።

"ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ሰምቻለሁ" አሉ፤ "ያንቺ ግን ሰው በተኛበት ነው የሚጮኸው። ነርሷ ውሏን የምታድሰው በጥር መጨረሻ ነው። እሷን አላጣም። እስከዚያ ዝም ካላለ ለመጋዘኑ ዘበኛ ይሰጣል፤ ጠይቄው እሺ ብሏል።"

"እማማ፣ እሱ እኮ ለጥበቃ አይሆንም። ድመት የሚሸሽ ነው።"

"አጥር ላይ ይታሰራላ። መጮኹን እንደሆነ ያውቅበታል።"

ይኸው ነው። የደበቅኩህ ሌላ የለም።

አሁን ስወጣ የማደርገውን ልንገርህ። ቦርሳዬን አንጠለጥላለሁ። ተንበርክኬ አነጋግረዋለሁ፤ ለምሳ እንደምመለስ፣ ሥራ እንደሆነ፣ እንዳይፈራ። ጭንቅላቱን እስመዋለሁ። ብስኩት እሰጠዋለሁ፤ አይነካውም። በሩን ዘግቼ እወርዳለሁ። ሲጮህ እመለሳለሁ፤ አቅፌ እንደገና እነግረዋለሁ። ስወጣ ይጮኻል፤ ሲጮህ እመለሳለሁ። አንዳንድ ቀን እንዲህ ስንባባል የሥራ ሰዓት ያልፍና ተቆጣጣሪው፣ "ደግሞ ዛሬ ጌትየው ምን ሆኑ?" እያለ ያሾፍብኛል።

ልማዴ ነው መሰለኝ። ስፌት ማንም አላስተማረኝም፤ ሰው የጣለውን ልብስ እየፈታሁ፣ ከውስጥ እንዴት እንደተያያዘ እያየሁ ነው የለመድኩት። ያኔ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ስፌቱ ሲዛነፍ ባየሽበት ቅጽበት ተመለሺ፣ ፍቺ፣ እንደገና ጀምሪ። በተዛነፈ ላይ አትቀጥዪ። ይህ ሕግ አሳፍሮኝ አያውቅም። ባሻም ሲጮህ አንድ ነገር ተዛንፏል ማለት ነው ብዬ እመለሳለሁ።

ጋሽ ፉጨትን አመስግንልኝ። በጥር ዕረፍት ይሰጡሃል ወይ? ብትመጣ ምናልባት አንተን ይሰማ ይሆናል።

እትዬህ


ታኅሣሥ 3

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ለጋሽ ፉጨት ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አጥንት እየቆረጡ ነበር። "ሲጮህ እመለሳለሁ" የሚለው ጋ ስደርስ ቢላዋውን አስቀመጡ።

"ቁም። እሷን እንደገና አንብብ።"

አነበብኩ።

"ትመለሳለች?"

"ትመለሳለች።"

"ታቅፈዋለች?"

"ታቅፈዋለች።"

"በል እንዲህ ብለህ ጻፍላት። ውሻው ችግር የለበትም፤ ሥልጠናውን ጨርሷል። አንድ ጊዜ ሲጮህ አንዲት ትልቅ ሴት ደረጃ ሙሉ ወጥታ እንድታቅፈው አድርጎ ያሠለጠነ ውሻ እኔ ካምፕ ቢመጣ ቦታዬን እለቅለታለሁ።"

እንዳትቀየሚ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከዚያ በኋላ ምሳቸውን ትተው ሲያስረዱኝ ቆዩ። ስንብቱ ይቅር አሉ። ሰው ሲንበረከክና ድምፁን ሲያለሰልስ ውሻ ክፉ ነገር እንደመጣ ያውቃል፤ ቆሻሻ ልትደፊ እንደምትወጪ ሆነሽ ውጪ። ከበሩ ጀርባ ቁሚና ገና ሳይጮህ ተመለሺ። ትንፋሽ የምታህል ጊዜ ትሁን፤ ነገ ትንሽ ትርዘም፤ ከነገ ወዲያ ትንሽ። ከጮኸ ግን ቤቱ ቢቃጠል እንኳ በጩኸቱ ላይ አትግቢ። "ውሻ አየር መሳቡ አይቀርም፤ አየር ሲስብ ዝም ይላል፤ በዚያች ዝምታ ትግባ" ነው ያሉት። ስትገቢም አትቀፊው፤ ገብተሽ ድስትሽን እዪ። ምግቡንም ወለል ላይ አስቀምጠሽ አትሂጂ፤ ቁጭ በል በዪውና ቁጭ ሲል ከእጅሽ ይብላ። ከመውጣትሽ በፊት ደግሞ አድክሚው፤ የደከመ ውሻ ነገር አይፈልግም።

መንገድ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደምታደርጊ ጠይቄያቸው ነበር። "አብራው ትቁም" አሉ። "ገመድ የሚጎትት ሁልጊዜ ሁለት ግትር ነው፤ አንዱ ከተወ ሌላው ምን ይሠራል?"

ሕግሽ ለጨርቅ ጥሩ ነው አሉ። ጨርቅ አያይሽም።

የጥር ዕረፍቴ ገና አልታወቀም። አንገትሽን ሸፍኚ፤ ብርድ ነው።

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 21

ወንድሜ፣

መጀመሪያ ተቀይሜ ነበር። ደብዳቤውን አጥፌ ከክር ሳጥኑ ሥር ከተትኩት። ከዚያ ሳስበው ሰውዬው አንድም የተሳሳተ ነገር አላሉም፤ አውጥቼ እንደገና አነበብኩት።

ነገሩ እንዴት እየሄደ እንደሆነ ልንገርህ፤ ደረጃ ላይ እየኖርኩ ነው። ጠዋት ቀድሜ እነሳለሁ፣ ባሻን ሜዳውን አዞረዋለሁ፣ ሲቀመጥ አብሬው እቆማለሁ። መንገደኛው ሁለታችንንም ያያል። ቤት ገብተን ከበላ በኋላ ቦርሳዬን ይዤ ዝም ብዬ እወጣለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ እመለሳለሁ። እወጣለሁ፣ ትንሽ እቆያለሁ፣ እመለሳለሁ። ከጮኸ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ትንፋሹን እጠብቃለሁ። በመጀመሪያው ሰሞን የሚተነፍስ አልመሰለኝም።

አንድ ጠዋት ነርሷ ከሥራ ስትመለስ እዚያው ተቀምጬ አገኘችኝ።

"እህቴ፣ ቁልፍ ጠፋብሽ?"

"አይ።"

"ታዲያ ምን ያስቀምጥሻል?"

"እስኪተነፍስ እየጠበቅኩ ነው።"

"ማን?"

"ባሻ።"

እንደ በሽተኛ አየችኝ። ነገሩን ሳስረዳት ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ ተቀመጠች። ትንሽ አዳመጠችና፣ "ሳንባው ምንም የለበትም፤ በነጻ መርምሬልሻለሁ" አለች። ከዚያ ድንገት በክርኗ ገፋችኝ። "አሁን! አሁን ዝም አለ፣ ግቢ ግቢ!" እየተደናቀፍኩ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ስትመለስ ካገኘችኝ ሳትቀመጥ አታልፍም። ስለ በሽተኞቿ ታወራኛለች፤ ብዙ አልመልስላትም፤ አይከፋትም።

አሁን የምነግርህን ሳልጽፈው ልተወው አስቤ ነበር። እሑድ ቆሻሻ ልደፋ ወርጄ ከእማማ ጋር ወሬ ይዞኝ ቆየሁ። ረጅም ጊዜ ነው የቆየሁት። ባሻ አልጮኸም። ሰኞ ቦርሳዬን ሳነሳ ግን ገና በሩን ሳልነካ ጀመረ። ገረመኝና ማታ ቤት ቁጭ ብዬ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አንጠለጠልኩት። ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ተንቀጠቀጠ።

የሚፈራው መውጣቴን አይደለም፤ ቦርሳውን ነው። ባለቤትህ ወደ ሆስፒታል ስትሄድ ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ በሩ ሥር ቆሞ ነበር፤ ራሷ ናት ያስቀመጠችው። አንተም ቅርጫቱን በሬ ላይ ያስቀመጥክ ቀን ሻንጣህ ትከሻህ ላይ ነበር። ግትር ነው እያልን ስናማው የከረምነው ይህ ውሻ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሻንጣ የያዘ ሰው አይመለስም።

እንግዲህ አሁን ቤት ውስጥ ቦርሳ አንጠልጥዬ ነው የምኖረው። ቦርሳ አንጠልጥዬ ሩዝ እቀቅላለሁ፣ ቦርሳ አንጠልጥዬ ቁልፍ እተክላለሁ። እማማ ኪራይ ሊቀበሉ መጥተው አዩኝ።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"የትም፣ እማማ።"

"እሱማ ያስታውቃል" አሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ይችን ለጋሽ ፉጨት አታንብብላቸው። ስመለስ የነበረው ለእሱ ብቻ ብዬ አልነበረም። ስፌት ቤት "የመስኮቷ" ነው የሚሉኝ፤ መስኮቱ አጠገብ ስለምቀመጥ። እዚህ "ባለ ውሻዋ" ነኝ። ስወጣ የሚከፋው ሰው ኖሮ አያውቅም። ደረጃው አጋማሽ ላይ ሆኜ ያን ጩኸት ስሰማ፣ እየተቆጣሁም እያፈርኩም፣ አንድ የሚጠራኝ አለ እል ነበር። አሁን እንዳይጠራኝ እያስተማርኩት ነው።

ደህና ሁን። ስለ ዕረፍትህ ቁርጡን ጻፍልኝ።

እትዬህ


ጥር 5

እትዬ፣

ስላቆየሁሽ ይቅርታ። ሥራ በዝቶ ነበር።

ውሌን አደሱልኝ፤ ፈርሜያለሁ። ስለዚህ የጥር ዕረፍቴ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ስላለው አላውቅም፤ ቀን ልነግርሽ አልችልም።

ስለ ባሻ አስቤበታለሁ። ዘበኛው እሺ ካለ ይውሰደው። ለውሻ ብለሽ ቤትሽን እንዳታጪ፤ ያንን ክፍል ለማግኘት ስንት እንደተንከራተትሽ አውቃለሁ። ከዚህ በላይ ልጭንብሽ አይገባም። ውሻ ነው፣ ይለምዳል።

ስለ ሻንጣው የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ጋሽ ፉጨት ምን ጻፈች ብለውኝ ነበር፤ አላነበብኩላቸውም።

ታናሽሽ


ጥር 13

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። አጭር ስለነበረ ደጋግሜ ለማንበብ አልከበደኝም።

"ይለምዳል" ስላልከኝ መጋዘኑ ድረስ ሄጄ አየሁ። ዘበኛው ክፉ ሰው አይደለም፤ ያለችውን አንድ ወንበር አቀረበልኝ። ሰንሰለቱ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከባሻ ይከብዳል። ከሥሩ መሬቱ ክብ ሆኖ ተልጧል፤ የበፊቱ ውሻ ሲዞር የኖረበት ነው።

"የበፊቱ የት ደረሰ?" አልኩት።

"አረጀ" አለኝ።

"ይጮህ ነበር?"

"መጀመሪያ አካባቢ። ኋላማ ለመደ።"

ተነስቼ አመሰገንኩት። አልሰጥም። ዝም ካላለ አብረን እንወጣለን። ከስፌት ቤቱ ጀርባ የጨርቅ ጥቅል የሚከማችበት ክፍል አለ፤ መስኮት የለውም፣ ግን ከሥሩ የሚተኛም የለም። ተቆጣጣሪውን ጠይቄ "ጌትየውም ይመጣሉ?" ብሎ ከሳቀ በኋላ ፈቅዷል። ስለዚህ ቤትሽን አታጪ ያልከኝን ተወው፤ እሱን እኔ ወስኛለሁ።

በአንተ አልፈርድም። ዛሬ ምን በላ፣ የት ተኛ፣ ጮኸ ወይ እያልክ ስትጠይቀኝ ስለ ማን እንደምትጠይቀኝ አላጣሁትም። እሷን አንድ ጊዜ እንኳ ሳታነሳ ስለ ውሻዋ ገጽ ሙሉ ትጽፋለህ። ውሻው ለዘበኛው ከተሰጠ ደግሞ የምትጠይቀው አይኖርም፤ ያኔ ደብዳቤም አይኖርም። ይህንንም አስቤዋለሁ።

ግን አንድ ነገር ልበልህ፤ አንተ የጠየቅከኝን ሁሉ መልሼልሃለሁ። እኔ የጠየቅኩህ ጥቅምት ላይ ነው፤ እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ ነው ያልኩህ። ከባድ ጥያቄ አይደለም።

እማማ በሚመጣው ሳምንት አንድ ጠዋት የነርሷ ክፍል ገብተው ራሳቸው ሊያዳምጡ ነው። "ወሬ አልሰማም፤ በገዛ ጆሮዬ" ብለዋል። ያን ቀን ቦርሳዬን ይዤ እንደማንኛውም ቀን መሄድ ነው ያለብኝ። ደረጃ ላይ መቀመጥ የለም፤ መመለስ የለም።

እህትህ


የካቲት 4

ለታናሼ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ፤ በፖስታው ውፍረት ደንግጬ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ስለ እንቅልፍህ የጻፍከውን፣ ስለ እሷም የጻፍከውን አነበብኩ። ለማንም እንዳታሳዪ ብለሃል። ለማን አሳያለሁ? ሆስፒታሉ ውስጥ የሆነውን እንደዚያ አላውቅም ነበር። ስለ እሱ በዚህ ደብዳቤ አልመልስልህም፤ ለብቻው ልጻፍልህ፤ ከውሻ ወሬ ጋር አይቀላቀል።

የጠየቅከኝ ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ ስለ ዕለቱ።

እኔ አላየሁትም፤ አልሰማሁትምም። ሜዳውን አዞርኩት፣ ከእጄ አበላሁት፣ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ፣ ወደ ኋላ ሳልል ወረድኩ። ስፌት ቤት ደርሼ ሦስት ኮሌታ በግልባጩ ገጠምኩ። ሦስቱንም ፈታሁ። ተቆጣጣሪው አይቶ እንዳላየ አለፈኝ፤ ሊያሾፍብኝ የሚችልበት ቀን ነበር፣ ተወኝ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ መሄድ ፈራሁ። ቆይቼ ነው የሄድኩት።

ነርሷ በሯን ከፍታ እየጠበቀችኝ ነበር። ፊቷን አይቼ አለቀ አልኩ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው።

"ጮኸ?" አልኳት።

"አልጮኸም።"

"ታዲያ ዓይንሽ?"

"እማማ ናቸው!" አለችኝ። "ወንበሬ ላይ ተቀመጡ፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፣ ጣሪያውን እያዩ አዳመጡ። ያንቺ ሰውዬ አንዴ አልቅሶ በሩን ቧጠጠና ተወ። ከዚያ እማማ እንቅልፍ ጣላቸው። አይ ማንኮራፋት! እህቴ፣ ውሻው ይሻለኛል ልልሽ ነበር።"

እማማ ከውስጥ ሰሙን። "አላንኮራፋሁም፤ እያሰብኩ ነበር" አሉ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡና በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ። "ይቀመጥ። ለዘበኛው እነግረዋለሁ። ድመት የሚሸሽ ከሆነ ደግሞ አይጥስ ይይዛል ወይ?" አሉኝ። አይይዝም አልኳቸው። "እሱማ ያስታውቃል" ብለው ሄዱ።

ነርሷ ውሏን አድሳለች። ስለዚህ እዚሁ ነን። ባሻ አስፋልት ዳር አሁንም ይቀመጣል፤ ዛሬም ዝናብ እየመጣ ቁጭ ብሎ አስመታኝ። ጨዋ ሆነ ብዬ አልዋሽህም።

ሁለተኛው ጥያቄህ፣ ብመጣ ያውቀኛል ወይ ነው። ለሌላ ሰው ቢሆን እንዴታ እለው ነበር። ለአንተ ግን አላውቅም ነው የምልህ። ትተኸው የሄድከውን ጃኬት ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ ወለሉ ላይ አነጠፍኩለት። ብዙ አሸተተው፤ ኪሱ ውስጥ አፍንጫውን ከተተ። ከዚያ ተመልሶ ሄዶ ተኛ። ምን ማለት እንደሆነ ጋሽ ፉጨትን ጠይቃቸውና ጻፍልኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ያስተማርኩት ቦርሳ ይዞ የወጣ እንደሚመለስ ነው። እኔ በየቀኑ ስለምመለስ አልዋሸሁትም። ስለ አንተ የነገርኩት ነገር የለም፤ ያንን መንገር ያንተ ፋንታ ነው።

ዛሬ ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ደረጃው አጋማሽ ላይ እግሬ በልማዱ ቆመ። አዳመጥኩ። የሆነ ቦታ ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ከላይ ምንም የለም። የለፋሁት ለዚህ ነው፤ ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ግን ወዲያው አልወረድኩም። አንድ ጊዜ ብቻ ቢጠራኝ፣ በትንሹ፣ ማንም ሳይሰማ፣ ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። አልጠራኝም። የውጪውን በር ቀስ አድርጌ ዘግቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ፤ ነርሷ ተኝታ ነበር።

እትዬህ